ሰርቨራችን ሌሊቱን ሙሉ የማያውቀውን ሰው ደብዳቤ ሲያመላልስ አደረ፤ በሩ የት ነው የተከፈተው?

አይቲ_ብቻዋን — ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ጭንቅ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ረዘም ቢል ታገሱኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ ቡና ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። የአይቲ ክፍሉ እኔ ብቻ ነኝ። ኢሜይላችን ቢሮ ውስጥ በተቀመጠ ሰርቨር ላይ ነው ያለው። ሲስተሙ ኡቡንቱ፣ ኢሜይል የሚልከውና የሚቀበለው ፖስትፊክስ፣ የኢሜይል ሳጥኖቹን የሚይዘው ዶቭኮት ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ያቆመው ነው። ሦስት ዓመት አንድም ቀን አስቸግሮን አያውቅም።

ትናንት ጠዋት ስገባ ሽያጭ ክፍሎች "ኢሜይል አልሄድ አለን" አሉኝ። ወረፋውን ብከፍተው አያልቅም። 41 ሺህ ኢሜይል ተሰልፏል። አንዱን መርጬ አየሁት። ላኪውን አላውቀውም። ተቀባዩ የብራዚል አድራሻ ነው። ቀጣዩም እንደዚያው። የእኛ ዶሜይን (ከ@ በኋላ ያለው ስማችን) የትም የለበትም። ሌሊቱን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ሲያመላልስ ነው ያደረው።

አሁን ጂሜይል የእኛን ኢሜይል አይቀበልም። አይፒያችን (የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥራችን) ስፓም፣ ማለትም ያልተጠየቀ የጅምላ ኢሜይል፣ የሚልኩትን በሚመዘግበው በስፓምሃውስ ብላክሊስት ላይ ገብቷል። ሀምቡርግ ያለ ገዢያችን የጭነት ሰነድ እየጠበቀ ነው፤ ሰነዱ ወረፋው ውስጥ ተቀርቅሯል።

ሌላም ነገር አለ። ከሁለት ሳምንት በፊት ከሥራ አስኪያጃችን አድራሻ የተላከ የሚመስል ኢሜይል ለሒሳብ ክፍል ደርሶ ነበር። "ይህን ክፍያ ዛሬውኑ ፈጽሚ" ይላል። እሳቸው ምንም አልላኩም። ሒሳብ ሹሟ ደውላ ስለጠየቀች ነው የተረፍነው። ሁለቱ ነገሮች ይገናኛሉ?

የሪሌይ ደንቡን (ሰርቨሩ የማንን ደብዳቤ ወደ ሌላ እንደሚያሳልፍ የሚወስነውን) ደጋግሜ አየሁት። የራሴን ኔትወርክ ፍቀድ፤ በፓስወርድ የገባውን ፍቀድ፤ ሌላውን ወደ ውጭ እንዳይልክ ከልክል ይላል። ትክክል ይመስለኛል። ታዲያ በየት ገቡ?

የወረፋ_ዘብ — ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡35

እህቴ፣ አይዞሽ። ብዙዎቻችን ላይ የደረሰ ነገር ነው።

አሁኑኑ ወረፋውን አግጂው፤ እንዳትሰርዢው። ፖስትሱፐር በሚለው ትእዛዝ ሁሉንም "ሆልድ" ላይ አድርጊ። ውስጡ የእናንተም እውነተኛ ደብዳቤ አለ። ነገ የራሳችሁን ለይተሽ ታወጫለሽ፤ የቀረውን ትጥያለሽ። በችኮላ ሁሉንም ሰርዞ የደንበኛ ውል አብሮ የጠፋበት ሰው አውቃለሁ።

ከዚያ ራውተሩ ላይ ከውጭ ወደ ፖርት 25 (ሰርቨሮች ደብዳቤ የሚቀባበሉበት በር) የሚመጣውን ለጊዜው ዝጊ። ደብዳቤ ይጠፋብናል ብለሽ አትስጊ። በደንብ የተሠራ ላኪ ሰርቨር ደጋግሞ ይሞክራል። ደንቡም ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን ሳይሞክር ተስፋ እንዳይቆርጥ ይመክረዋል። ጊዜ አለሽ።

ቀጥሎ ሎጉ፣ ሰርቨሩ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል። ከ41 ሺው አንዱን ያዢና መለያ ቁጥሩን ሎጉ ውስጥ ፈልጊው። ሁለት ነገር ንገሪኝ። መስመሩ ላይ "ሳስል ዩዘርኔም" (በፓስወርድ የገባው ሰው ስም) የሚል አለ? ካለ ከሠራተኞቻችሁ የአንዱ ፓስወርድ ተሰርቋል ማለት ነው። ከሌለ "ክላየንት" (ደብዳቤውን ያመጣው) ከሚለው ጎን ያለው አይፒ ስንት ነው?

አይቲ_ብቻዋን — ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡58

አግጄዋለሁ። ፖርቱንም ዘግቻለሁ።

ሳስል የሚል የለም። ክላየንቱ 192.168.10.1 ነው። ሌላ 20 መስመር አየሁ፤ ሁሉም ያው። ይህ እኮ የራሳችን ራውተር ነው! ራውተሩ ነው ስፓም የሚልከው? ቫይረስ ገብቶበት ይሆን?

አዳማ_ኔትወርክ — ማክሰኞ፣ ጠዋት 5፡20

ቫይረስ አይደለም። ራውተሩ ሚክሮቲክ የሚባለው ነው? በቅርቡ ተቀይሯል ወይስ ደንብ ተጨምሮበታል?

እንደሚሆን የምገምተውን ልንገርሽ። ራውተሩ ላይ "ማስከሬድ" የሚባል ደንብ አለ። ሥራው የቢሮው ኮምፒውተሮች ወደ ኢንተርኔት ሲወጡ አድራሻቸውን በራውተሩ አድራሻ መተካት ነው። ይህ ደንብ "ወደ ውጭ በሚወጣው መስመር ላይ ብቻ" ተብሎ መገደብ አለበት። ካልተገደበ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገባውንም አድራሻ ይቀይራል። ሞስኮም ይምጣ፣ ሳኦ ፓውሎም ይምጣ፣ ሰርቨርሽ ዘንድ ሲደርስ "192.168.10.1 ነኝ" ይላል።

ሰርቨርሽ ደግሞ 192.168.10 የሚጀምረውን ሁሉ "የራሴ ኔትወርክ" ብሎ ያምናል። ደንብሽ ትክክል ነው። የሚነገረው ግን ውሸት ነው።

የግቢ ዘበኛን አስቢ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ስሙን ሳይጠይቅ እጁን ይዞ ሳሎን ድረስ ያስገባዋል። የቤቱ ሰው የሚያየው የዘበኛውን ፊት ብቻ ነው። የሚያውቀው ፊት ስለሆነ "ግቡ" ይላል። አንቺ ጋ የሆነው ይኸው ነው።

አይቲ_ብቻዋን — ማክሰኞ፣ ጠዋት 5፡41

ልቤ ዱብ አለ። አዎ፣ ሚክሮቲክ ነው። የተቀየረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ከውጭ ባለሙያ ጠርተን ነው የተከልነው። ሠራተኞቹ ቢሮ ውስጥ ሆነው ሰርቨሩን በውጪው ስሙ መክፈት አልቻሉም ነበር፤ እሱን ለማስተካከል አንድ ደንብ ጨመረ። አሁን ከፈትኩት፤ ማስከሬድ ይላል፣ ሌላ ምንም ገደብ የለበትም።

አሁን ያ የሐሰት ኢሜይል ትዝ አለኝና ራስጌውን አወጣሁት። "ሪሲቭድ" የሚለው መስመር ላይ የመጣበት አይፒ 192.168.10.1 ነው። እዚያው!

የወረፋ_ዘብ — ማክሰኞ፣ ቀትር 6፡05

ይኸውልሽ፣ ሁለቱን ያገናኘሻቸው ራስሽ ነሽ።

ሪሌይ አንድ ችግር ነው፤ የሰው ስም መዋስ ሌላ ችግር ነው። ሪሌይ ማለት የማታውቂው ሰው በሰርቨርሽ በኩል ለሌላ ለማታውቂው ሰው መላኩ ነው። ሐሰተኛ ላኪ ደግሞ ከየትም ሆኖ በእናንተ ስም መላኩ ነው። አንዱን መዝጋት ሌላውን አይዘጋም። እዚህ ግን አንድ የራውተር ደንብ ሁለቱንም ጠባቂ አሳወረ። ዶሜይናችሁ ኤስፒኤፍ (በስማችሁ መላክ የተፈቀደላቸው አይፒዎች ዝርዝር) አለው? ሰርቨሩስ ሲቀበል ኤስፒኤፍ ያያል?

አይቲ_ብቻዋን — ማክሰኞ፣ ቀትር 6፡12

አለው፤ ያ ልጅ አስገብቶታል። መጨረሻው ላይ ሰረዝ ኦል ይላል፤ ከዝርዝሩ ውጭ ያለውን ሁሉ አትቀበሉ ማለት ነው። የሚያጣራ ፕሮግራምም ተጭኗል። ለዚህ እኮ ነው ግራ የገባኝ።

የወረፋ_ዘብ — ማክሰኞ፣ ቀትር 6፡20

ማጣሪያው የሚያየው የላኪውን አይፒ ነው። "ይህ አይፒ በዚህ ዶሜይን ስም እንዲልክ ተፈቅዶለታል ወይ?" ብሎ ዲኤንኤስን (የኢንተርኔት ስሞች መዝገብን) ይጠይቃል። ከራስ ኔትወርክ የመጣን ግን ፖስትፊክስ ከበላዩ ባለው ደንብ ቀድሞ ያሳልፈዋል፤ ማጣሪያው ጋ አይደርስም። ራውተሩ ሁሉንም "የራስ" ስላደረገው ለሦስት ሳምንት አንድም የውጭ ኢሜይል አልተጣራም። ብላክሊስትም፣ ኤስፒኤፍም፣ ሁሉም ተኝተው ነበር። ፓስወርድ የሚገምቱ አይፒዎችን የሚዘጋው ፌይልቱባን ካለሽም ያው ነው፤ የሚያየው አንድ አይፒ ብቻ ነበር።

አዳማ_ኔትወርክ — ማክሰኞ፣ ቀትር 6፡48

ራውተሩ ላይ እንዲህ አድርጊ። ዋናው ማስከሬድ "አውት ኢንተርፌስ" ላይ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው መስመር ይሞላበት። ከውስጥ በውጪው ስም ለሚገቡት ሁለተኛ ደንብ ይኑር፤ ምንጩ 192.168.10.0/24 (መላው የቢሮው ኔትወርክ)፣ መድረሻው የሰርቨሩ አይፒ ብቻ ይሁን። ከዚህ የተሻለው ግን ቢሮ ውስጥ ያለው ዲኤንኤስ የሰርቨሩን ስም ሲጠየቅ የውስጡን አይፒ እንዲመልስ ማድረግ ነው። ያኔ ሁለተኛው ደንብ ከነአካቴው አያስፈልግሽም።

ሰርቨሩ ላይ ደግሞ፣ ይህንን ከልቤ ነው የምልሽ፣ "ማይኔትወርክስ" የሚለውን (ሰርቨሩ ያለ ፓስወርድ የሚያምናቸውን አድራሻዎች ዝርዝር) 127.0.0.0/8ን እና የአይፒ ስሪት 6 አቻውን ብቻ እንዲይዝ አድርጊ። ሰርቨሩ ራሱን ብቻ ይመን። ሰውን በፓስወርድ እወቂ እንጂ በመጣበት አቅጣጫ አትወቂ። ዛሬ ራውተሩን ታስተካክያለሽ፤ ከዓመት በኋላ ሌላ ባለሙያ መጥቶ ሌላ ደንብ ይጨምራል። የሚያድንሽ ያኔ ነው።

ባሕርዳር_ዴቭ — ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8፡15

እኔ ላይ ደግሞ ያለ ራውተር ነው የደረሰው። ፖስትፊክስን ዶከር (ፕሮግራምን ለብቻው ከልሎ የሚያስኬድ መሣሪያ) ውስጥ ከተትኩት። የሚገባው ግንኙነት ሁሉ በዶከር ጌትዌይ በ172.17.0.1 ስም ይደርሰው ነበር። "የራሴ ንዑስ ኔትወርክ ይታመን" የሚለውም በርቶ ነበር። በስድስት ሰዓት ውስጥ አገኙኝ። ሲገባኝ መልሱ ያው ሆነ፤ 127ን ብቻ ማመን።

አይቲ_ብቻዋን — ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8፡40

ማይኔትወርክስን ላጠብበው ስል አንድ ነገር ያዘኝ። ሁለት ስካነሮችና የሒሳብ ሶፍትዌሩ ያለ ፓስወርድ ነው የሚልኩት። አሮጌው ስካነር ቲኤልኤስ የሚባል ነገር፣ ግንኙነቱን የሚመሰጥረውን፣ አያውቅም።

የወረፋ_ዘብ — ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡02

ሶፍትዌሩ ፓስወርድ ይችላል። የራሱ አካውንት ክፈቺለትና በፖርት 587 ወይም 465፣ ሰዎች በፓስወርድ በሚልኩባቸው በሮች፣ ይላክ። ፖርት 25 ለሰርቨርና ለሰርቨር ብቻ ይቅር፤ እዚያ ላይ ፓስወርድ መቀበሉንም አጥፊው። ፓስወርድ የሚገምቱት ፕሮግራሞች 25ንም ሌት ተቀን ያንኳኳሉ።

ለአሮጌው ስካነር ቋሚ አይፒ ስጪውና ያንን አንድ አይፒ ብቻ ፍቀጂ፤ ሙሉ ኔትወርኩን አይደለም። ወደ ራሳችሁ ዶሜይን ብቻ የሚልክ ከሆነ ደግሞ የሪሌይ ፈቃድ አያስፈልገውም። ለራስ ሰው ማድረስ ሪሌይ አይባልም።

የሞደም_ዘመን — ማክሰኞ፣ ማታ 1፡30

ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ወጣቶቹ "ማን እንዲህ አድርጎ ሠራው?" ብላችሁ እንዳትገረሙ።

የኢሜይል መላኪያ ደንቡ ሲጻፍ እ.ኤ.አ. 1982 ነበር። ጆን ፖስቴል ነው የጻፈው። ያኔ ኔትወርኩ ላይ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ነበሩ። መስመር በተቋረጠ ጊዜ የአንዱን ደብዳቤ ሌላው ተቀብሎ ማሳለፉ እንደ ጉርብትና ይታይ ነበር። መንገደኛ ሲመጣ "ከወዴት ነህ?" ሳይባል ውኃ እንደሚቀርብለት ማለት ነው። ላኪው ማን እንደሆነ የሚያረጋግጥ አንድም መስመር ደንቡ ውስጥ አልነበረም። ንግዱና ስፓሙ ሲመጣ ያ ደግነት መጠቀሚያ ሆነ። ሴንድሜይል የተባለው የጥንቱ የኢሜይል ሰርቨር ፕሮግራም ሪሌይን ከመጀመሪያው ዘግቶ መምጣት የጀመረው በስሪት 8.9፣ እ.ኤ.አ. 1998 ነው። ፖስትፊክስም የወጣው በዚያው ዓመት ነው፤ ቪትሴ ቬኔማ አይቢኤም ሳለ የሠራው። በኋላም እ.ኤ.አ. 2013 በስሪት 2.10 የሪሌይ ደንቡን ከስፓም ደንቡ ለየው። ሰው የስፓም ደንቡን ሲነካካ ሳያውቀው ሪሌይ ይከፍት ስለነበር ነው። ልጄ፣ አንቺ ያየሽው ሦስት መስመር የዚያ ፍሬ ነው።

ቨርጂኒያ_ሲስአድሚን — ረቡዕ፣ ሌሊት 7፡20

ሰላም ከወዲህ ማዶ። ስትጨርሺ ከውጭ ሆኜ ልፈትንልሽ እችላለሁ። አይፒውን እዚህ አትጻፊው፤ በውስጥ መልእክት ላኪልኝ። ቢሮ ውስጥ ሆነሽ የምትሞክሪው ፈተና አይቆጠርም። በስልክ ዳታም ላይሳካ ይችላል፤ ብዙ የሞባይል ኔትወርኮች ወደ ፖርት 25 መውጣትን ይዘጋሉ።

አይቲ_ብቻዋን — ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡05

እግዜር ይስጥልኝ! ልኬልሃለሁ። ራውተሩ ተስተካክሏል፤ ማይኔትወርክስ 127 ብቻ ነው። ፖርት 25ን መልሼ ከፈትኩ። ሎጉ ላይ የሰዎች እውነተኛ አይፒ መታየት ጀምሯል።

ቨርጂኒያ_ሲስአድሚን — ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡30

ሞከርኩት። በቴልኔት (ትእዛዝ በእጅ እየጻፉ ከሰርቨር ጋር በሚነጋገሩበት) ፖርት 25 ገባሁ፤ ሰላምታ ሰጠኝ። ላኪ ብዬ የጂሜይል አድራሻ ጻፍኩ፤ 250 (ተቀብያለሁ) አለ፣ ይህ ችግር የለውም። ተቀባይ ብዬ የያሁ አድራሻ ስጽፍ "554 5.7.1 ሪሌይ አክሰስ ዲናይድ" ብሎ ከለከለኝ። ያንን ነው የምንፈልገው። ለሁለተኛው መስመር 250 ቢመልስ ኖሮ አሁንም ክፍት ነበር።

በመቀጠል ላኪውን በእናንተው ዶሜይን፣ ተቀባዩንም በእናንተው ዶሜይን አደረግኩት። ኤስፒኤፉ ያዘው፤ አልተቀበለኝም። በጣም ጥሩ።

ሦስተኛውን ግን ተቀበለው። ላኪ ብዬ የራሴን ዶሜይን ሰጠሁ፤ ኤስፒኤፌ ትክክል ነው። ደብዳቤው ውስጥ "ከ" በሚለው ላይ ደግሞ የእናንተን ዶሜይን ጻፍኩ። ሳጥንሽን እዪው፤ ከሥራ አስኪያጃችሁ የመጣ ይመስላል።

አይቲ_ብቻዋን — ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡44

አየሁት። ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ስማቸው፣ አድራሻቸው፣ ሁሉም። ኤስፒኤፍ እያለ ይህ እንዴት ይሆናል?

የወረፋ_ዘብ — ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡10

ኢሜይል ሁለት ላኪ ስላለው ነው። አንዱ ፖስታው ላይ የተጻፈው ነው፤ ሰርቨሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት። ሌላው ውስጥ ያለው ደብዳቤ ራስጌ ላይ የተጻፈው ነው። ሰው የሚያየው ይህንን ነው። ኤስፒኤፍ የሚመረምረው ፖስታውን ብቻ ነው።

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤን አስቢ። ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማ፣ ማህተም፣ ቲተር። ማህተም የሌለው ደብዳቤ ይዘሽ ብትሄጂ መዝገብ ቤቱ አይቀበልሽም። ዲኪም ለኢሜይል ማህተም ነው። ሰርቨርሽ የሚወጣውን ደብዳቤ በሚስጥር ቁልፍ ይፈርመዋል፤ ተቀባዩ ዲኤንኤስ ላይ ባስቀመጥሽው የአደባባይ ቁልፍ ያረጋግጠዋል። ቁልፉ 2048 ቢት ይሁን። ዲኤንኤስ ላይ ስታስገቢው ከ255 ፊደል ስለሚበልጥ በሁለት ጥቅስ ይከፈል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሰናከለው።

ዲማርክ ደግሞ ሁለቱን ያስተሳስራል። "ሰው የሚያየው ዶሜይን ከኤስፒኤፍ ወይም ከዲኪም ዶሜይን ጋር ካልተስማማ እንዲህ አድርጉ" ይላል። ቀጥ ብሎ የቨርጂኒያውን ሦስተኛ ሙከራ የሚይዘው እሱ ነው። ግን ዲኤንኤስ ላይ መጻፉ ብቻ አይበቃም። የራስሽ ሰርቨርም ሲቀበል እንዲያየው ኦፕንዲማርክ ወይም አርስፓምዲ የሚባል ማጣሪያ መጫን አለብሽ። ያለዚያ ጂሜይል የእናንተን ስም ሲጠብቅ እናንተ ራሳችሁ አትጠብቁትም።

አዳማ_ኔትወርክ — ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡30

ለምን ያን ያህል ትደክማለች? ከውጭ መጥቶ የራሳችንን ዶሜይን የሚጠራውን ሁሉ በአንድ መስመር መከልከል ይቻላል። እኔ ያደረግኩት እንደዚያ ነው።

ቨርጂኒያ_ሲስአድሚን — ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡52

ወንድሜ፣ እሱን ያደረገ ሰው ሳምንት ሳይሞላው ይደውልልኛል። ዌብሳይቱ ሌላ ቦታ ሆስት ተደርጎ የ"ያግኙን" ፎርም በድርጅቱ ስም ይልካል። ሠራተኛው የሜይሊንግ ሊስት አባል ሆኖ የራሱ ጽሑፍ ተመልሶ ይመጣለታል። ሁሉም ይቆረጣሉ። ያሁ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2014 የዲማርክ ፖሊሲውን በአንድ ጊዜ "ሪጀክት" (አትቀበሉ) ሲያደርገው የስንቱ ሜይሊንግ ሊስት እንደተበጠበጠ አስታውሳለሁ።

ዲማርኩን በ"ፒ ነን" (ምንም አታግዱ፣ ሪፖርት ብቻ ላኩ) ትጀምር። ሪፖርቶቹ የሚደርሱበት አድራሻ ታስገባ። ጂሜይልና ሌሎቹ በየቀኑ "በስማችሁ ከእነዚህ አይፒዎች ይህን ያህል ደብዳቤ መጣ" ብለው ይልኩላታል። የራሷን ምንጮች አንድ በአንድ ካስተካከለች በኋላ ወደ "ኳራንቲን" (ወደ ስፓም ሳጥን ጣሉት)፣ ከዚያ ወደ "ሪጀክት" ትሂድ። "ነን" ላይ ለዓመታት መቆየት ግን ምንም አይከለክልም፤ ማየት ብቻ ነው።

ሒሳብ_ላይ_ያለሁ — ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡15

እኔ የአይቲ ሰው አይደለሁም፤ ግን ክፍያ የምፈጽመው እኔ ነኝ። ስልኬ ላይ ኢሜይል ስከፍት የሚታየኝ የአለቃዬ ስም ብቻ ነው። አድራሻው ተደብቋል። አንድ ሰው ማንኛውም የጂሜይል አካውንት ላይ የአለቃዬን ስም ቢጽፍ ያ ዲማርክ ያሉት ነገር ይይዘዋል?

የወረፋ_ዘብ — ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡40

አይዘውም እህቴ። ጥያቄሽ እዚህ ከተጻፈው ሁሉ በላይ ነው። ስምን ብቻ የተዋሰውንም፣ አንድ ፊደል የተቀየረበትን ዶሜይንም ዲማርክ አያግደውም። የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተቀየረ የሚል፣ ወይም አስቸኳይ ክፍያ የሚል ኢሜይል ሲመጣ ድሮ በምታውቂው ስልክ መደወል ነው። ኢሜይሉ ላይ ባለው ቁጥር አይደለም። የአይቲ_ብቻዋን ባልደረባ ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ድርጅቱን ያዳነችው እሷ ናት።

በነገራችን ላይ ውስጥ ያለውንም አትርሱ። ፖስትፊክስ አንድ ሠራተኛ በራሱ ፓስወርድ ገብቶ የሌላ ሰው አድራሻ ላኪ አድርጎ እንዲጽፍ ዝም ብሎ ይፈቅዳል። ማን በየትኛው አድራሻ መላክ እንደሚችል የሚዘረዝር ሠንጠረዥ አለ፤ "ሴንደር ሎጊን ማፕስ" ይባላል። እሱን ሞልቶ የማይገጥመውን መከልከል ነው። የአንድ ተላላኪ ፓስወርድ ቢሰረቅ በሥራ አስኪያጁ አድራሻ አይላክበትም።

አይቲ_ብቻዋን — ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ፣ ጠዋት 3፡20

ቃል በገባሁት መሠረት ተመለስኩ።

ከስፓምሃውስ ወጥተናል። ምክንያቱን ካስተካከልኩ በኋላ ነው የጠየቅኩት፤ ክፍያ የለውም። አንድ ሰው ስልክ ደውሎ "በገንዘብ አስወጣችኋለሁ" ብሎኝ ነበር፤ እንዳትሰሙ። አንድ ስህተት ግን ሠራሁ። የስፓምሃውስን ዝርዝር ፖስትፊክስ ውስጥ ስጨምር ሰርቨሩ የጉግልን 8.8.8.8 ነበር ለዲኤንኤስ የሚጠቀመው። ስፓምሃውስ በእንደዚህ ዓይነት የጋራ ዲኤንኤስ በኩል ለሚጠይቀው መልስ ሳይሆን የስህተት ኮድ፣ 127.255.255.254ን፣ ይመልሳል። ፖስትፊክስ ያንን "ተመዝግቧል" ብሎ ተረጎመውና ለሁለት ሰዓት የመጣውን ሁሉ መለሰ። አሁን ሰርቨሩ ላይ አንባውንድ የሚባል የዲኤንኤስ ፕሮግራም ጭኜ በራሱ ይጠይቃል።

አይፒውን የሰጠንን ድርጅት ጠይቀን ፒቲአር ሪከርዱን (አይፒው የማን ስም እንደሆነ የሚናገረውን) አስተካከልን፤ የሰርቨሩ ስምና አይፒው አሁን በሁለቱም አቅጣጫ ይገጥማሉ። ጂሜይል እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ወዲህ ለትንሽ ላኪም ቢሆን ይህንን ይፈልጋል።

የዲማርክ ሪፖርቱ ትልቅ ትምህርት ሆነኝ። በስማችን የሚልኩ አራት ምንጮች አገኘሁ። አንዱ ሰርቨራችን። ሁለተኛው ዌብሳይታችን፤ ፎርሙ አሁን በፖርት 587 በራሱ አካውንት ይልካል። ሦስተኛው የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ቤታቸው ያለ ኮምፒውተር ነበር፤ በኢንተርኔት አቅራቢያቸው ሰርቨር በኩል በእኛ ስም ይልካል። አራተኛውን አላውቀውም። በቀን 200 ያህል ይልክ ነበር። ከትናንት ጀምሮ "ኳራንቲን" ላይ ነን።

የሀምቡርጉ ሰነድ በዚያው ረቡዕ ከሰዓት ደረሰ። ወረፋው ውስጥ ከ41 ሺው መካከል የእኛ 63 ነበሩ፤ አንድ በአንድ ለይቼ አወጣኋቸው።

ቨርጂኒያ_ሲስአድሚን — ዓርብ፣ ከሰዓት 10፡05

እሰይ! አንድ የቀረ ነገር። ድርጅታችሁ ገዝቶ የማይልክበት ዶሜይን ካለ፣ የድሮው ስም ወይም የዶት ኢቲው፣ እነሱንም እዪ። ኤስፒኤፋቸው ሰረዝ ኦል ብቻ፣ ዲማርካቸው ዛሬውኑ "ሪጀክት" ይሁን። እነሱ ላይ ሪፖርት መጠበቅ አያስፈልግም።

አይቲ_ብቻዋን — ዓርብ፣ ከሰዓት 10፡12

ሁለት አሉን። አሁን ገብቼ እየጻፍኩ ነው።